ከጉልበቴ በታች ያልወረደ ትምህርት

ነርስ ነኝ። ሰቆጣ ላይ ግን በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ከገጠር የመጣ ሰው ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ይላል፤ እኔም አላርመውም። መጀመሪያ ሰሞን «አይ አባ፣ ነርስ ነኝ» እል ነበር። እያደር «አይ አባ» ብቻ ቀረ። ከዚያ እሱም ቀረና አሁን «ዶክተር!» ተብሎ ሲጠራ ከእውነተኞቹ ዶክተሮች ቀድሜ ዞር የምለው እኔ ነኝ። ኑዛዜ ከትንሹ ቢጀመር አፍ ይፈታል ብዬ ነው ይህን ማስቀደሜ። ትልቁ ጥፋቴ ከሱሪዬ ሥር፣ ከግራ ጉልበቴ በታች ነው ያለው።

የምሠራበትን ሆስፒታል በስም አላነሳም። እግሬን ያበላሸው ሆስፒታል አይደለም፤ ይህን ለማመን ግን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

በሙያዬ የምታወቀው ደም ሥር በማግኘት ነው። ሌሎች ወግተው ወግተው የታከቱበት ሕፃን ሲኖር «እስቲ እሱን ጥሩት» ይባላል። ዝናቡ በቀረበት ዓመት ከዝቋላና ከሰሃላ ሰየምት ወረዳዎች በሚመጡ ሕፃናት እጅ ላይ ደም ሥር አለ ለማለት እምነት ይጠይቃል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ቃሉን በከተማችን ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ማለቱ እንዲያው አልነበረም። ከነዚህ ሕፃናት እጅ፣ ካልሆነም ከራስ ቅላቸው ላይ፣ ቢጫዋን ካኑላ ገፋ አድርጌ ደም ብቅ ሲልልኝ፣ ዙሪያዬን የቆሙት ተማሪዎች እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ፕላስተሬን እቀድዳለሁ። ውስጤ ግን ሰርግ ነው።

ቢጫዋ ካኑላ ቀጭን ናት። ከእሷ በኋላ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ እያለ ይወፍርና ብርቱካናማው ላይ ይደርሳል። በራሴ ባት ላይ የወጣው ደም ሥር ብርቱካናማውን ያለ ምንም ችግር ይውጣል። ተማሪ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ አይስተውም። ከጉልበቴ ውስጠኛ ጎን ይነሳና ወደ ባቴ ይጠማዘዛል፤ ከዚያ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወርዶ ብዙ ቦታ ይከፋፈላል። በሰው እጅ ላይ ክር የምታህለውን የማላጣው ሰውዬ ይህን ለዓመታት አላየሁም ብዬ ስምል ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት ለሴት ብቻ የተተረተ አይደለም።

አላውቅም ነበር እንዳልል አስተምረው ነበር። ጠዋት ጠዋት ተመላላሽ ታካሚዎች አግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ የጤና ትምህርት እንሰጣለን፤ የእግር ደም ሥር መወጣጠር፣ እኛ ቫሪኮስ ቬይን የምንለው፣ የእኔ ርዕስ ነበር። ደም ከልብ ወደ እግር ሲወርድ ቁልቁለት ነው እላለሁ፤ ሲመለስ ግን ዳገት ነው። የእኛ የዋግ ሰው ዳገት ምን እንደሆነ አይነገረውም። በደም ሥሩ ውስጥ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትናንሽ ቫልቮች አሉ፤ ደሙ አልፎ ሲወጣ ከኋላው ይዘጋሉ። ወደ ላይ የሚገፋው ደግሞ የባት ጡንቻ ነው፤ በተራመድን ቁጥር ደም ሥሩን ይጨምቀዋል። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለው የደም ሥር ግፊት 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይደርሳል፤ መራመድ ሲጀምር በጥቂት እርምጃ ወደ 30ና ከዚያም በታች ይወርዳል። ቫልቮቹ ሲላሉ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይጠራቀማል፣ ከቆዳ ሥር ያለውን ደም ሥር ይወጥረዋል፣ ያጣምመዋል። ይህን ስናገር ሰው በአድናቆት ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እኔም በአንድ እግሬ ላይ ተደግፌ፣ ሳልንቀሳቀስ፣ ግማሽ ሰዓት እቆማለሁ።

ለተማሪዎች ደግሞ ታሪኩን እጨምርበታለሁ። የፓዱዋው መምህር ፋብሪሲየስ ስለ ቫልቮቹ እ.ኤ.አ. በ1603 መጽሐፍ አሳተመ፤ ተማሪው የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ደግሞ በ1628 የደምን ዝውውር ሲያስረዳ ክንድ አስሮ፣ ደም ሥሩን በጣቱ ተጭኖ፣ ደሙ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚሄድ አሳየ። ይህን ሙከራ ማሰሪያ አምጥቼ በራሴ ክንድ ላይ እሠራላቸዋለሁ። በክንዴ። ከዚያ በታች ያለውን አካሌን ለሳይንስ አበርክቼ አላውቅም።

ትምህርቱ የሚያበቃው ለበሽታው የሚያጋልጡ ነገሮችን በመዘርዘር ነው። ዕድሜ፣ ዘር፣ እርግዝና፣ ውፍረት፣ ከዚህ ቀደም እግር ላይ ደም መርጋት፣ ቆሞ መዋል። ይህን ዝርዝር በእንቅልፌም እወጣዋለሁ። በሽታው በእግሬ ላይ መሆኑን መካድ ባቃተኝ ጊዜ ታዲያ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ብቻ መዝዤ ወሰድኩ፤ ቆሞ መዋልን። ለምን? እሱ ብቻ ያስመሰግናላ። «ሰው ሳገለግል ቆሜ ነው እንዲህ የሆንኩ» ሲባል ሜዳሊያ ይመስላል። «ሆዴ ነው» ወይም «ከእናቴ የወረስኩት ነው» ቢባል ማን ያዝንልኛል? አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው መጸለያቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ በሥዕል እያየን አድገናል፤ የቆመ እግር በእኛ አገር ክብር አለው። እኔም ሳላፍር ያን ክብር ወደ ራሴ ባት ጠጋ አደረግሁት።

ቆሞ መዋሉ ውሸት አይደለም፤ ነርስ ይቆማል። በትራፊክ ፖሊሱ፣ በፀጉር አስተካካዩ፣ በአስተማሪውና በምግብ አብሳዩ እግር ላይ የሚደርሰው በእኛም ይደርሳል። ግን እንዴት ነበር የምቆመው? ሥራ ሲበዛማ አንቆምም፤ እንሮጣለን፤ ከአልጋ አልጋ፣ ከዋርድ መድኃኒት ቤት። ሩጫው እግር አይጎዳም፣ እንዲያውም ያድናል። እኔ የምቆመው ሥራው ሲረግብ ነው፤ ካርድ መጻፊያው ባንኮኒ ላይ በክርኔ ተደግፌ፣ ስልኬን እየነካካሁ፣ ትናንት ስለነበረው የእንግሊዝ ኳስ ከላብራቶሪው ልጅ ጋር ስከራከር። አርሴናል በእግሬ ላይ ያለበትን ዕዳ አንድ ቀን አሰላለሁ።

አብራኝ ብዙ ዓመት የሠራች አንዲት ሲስተር አለች። የቆየችበት ዘመን ከእኔ አያንስም፤ ናይት የገባችውም ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ ልጆችም ወልዳለች። እግሯ ላይ ምንም የለም። ካርድ ስትጽፍ ተረከዟን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ስንት ጊዜ «ሲስተር፣ የማን ሰርግ ነው?» ብለን ስቀንባታል። እሷም ትስቃለች፤ ተረከዟን ግን አታቆምም። የባት ጡንቻ እንዲህ ሲሠራ ደሙን ወደ ላይ እንደሚገፋ ያስተማርኳት እኔ ነኝ መሰለኝ። እሷ ተማረች፤ እኔ አስተማርኩ።

አንድ መሪጌታ ለስኳር ሕመማቸው ክትትል ይመጣሉ። የስቃይ ጓደኛ ስፈልግ እሳቸው ትዝ አሉኝና ጠጋ አልኩ።

«መሪጌታ፣ እርስዎም ማኅሌት ቆመው ነው የሚያድሩት፤ እግርዎ እንዴት ነው?»

«እኛ መች እንቆማለን ልጄ?» አሉኝ። «እንዘምማለን እንጂ። ወደ ፊት እንላለን፣ ወደ ኋላ እንላለን፣ ጉልበት ሸብረክ ይላል፣ ወረቡ ሲደርስ መሬቱን እንረግጣለን። ቆሞ የሚያድረውማ ምሰሶው ነው።»

ከዚያ ወዲህ ባንኮኒው ላይ በተደገፍኩ ቁጥር ምሰሶው የሚሉኝ ይመስለኛል።

ሆዴን በተመለከተ አጭር ልሁን፤ እሱ ራሱ አጭር አይደለም። የአበርገሌን ፍየል ጥብስ የቀመሰ ሰው ይፈርድልኛል። የዋግ ነጭ ማር አለ፤ ማር ባለበት ጠጅ አለ። ከቤቴ እስከ ሥራዬ በእግር የሚኬድ መንገድ ነው፤ ትንሽ ዳገት አለው፣ ባት የሚያሠራ፣ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሐኪም የሚያዘው ዓይነት። ባጃጅ መጣና ዳገቱን ሰረዝኩት። በሽተኛን «በቀን ትንሽ ይራመዱ» ብዬ መክሬ ስወጣ፣ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ እሱን በእግሩ ሲራመድ አልፌው ሄጃለሁ። እጁን አውለበለበልኝ።

ለሆዴ ጠበቃ ያቆምኩበት ጊዜም ነበር። ኡጋንዳ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ ቡርኪት፣ በስሙ የሚጠራውን የሕፃናት ዕጢ ያስተዋወቀው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመ ጽሑፉ በገጠር አፍሪካ ቫሪኮስ ቬይን ብርቅ የሆነው አሰር የበዛበት ምግብ ስለሚበላ ነው ብሎ ነበር። አሰር ያለው ምግብ ሆድ ያለሰልሳል፤ ያላማጠ ሰው ሆዱ ውስጥ ግፊት አይጨምርም፤ ግፊቱ ወደ እግር ደም ሥር አይወርድም፤ ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ግን ባነበብኩት ሰዓት ክርክሩን ዘጋሁት፤ ጤፍ በሊታ ነኝ፣ ሽሮ አሳድጎኛል፣ ስለዚህ ይህ ነገር ቫሪኮስ ቬይን ሊሆን አይችልም። ቡርኪት የጻፈው ስለ አያቴ ገበታ እንጂ ስለ እኔ ቅዳሜ ምሳ እንዳልነበር ለመረዳት ሌላ ዓመት ጠየቀኝ።

ቀጥሎ «የሴት በሽታ ነው» አልኩ። ሆርሞኑ፣ እርግዝናው፣ ማሕፀኑ የሚጫነው ደም ሥር፤ ማስረጃዬ ሙሉ ነበር። ኤዲንብራ ከተማ ላይ ከ18 እስከ 64 ዓመት ያሉ ነዋሪዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ጥናት ዋና ዋናዎቹ ደም ሥሮች የተወጣጠሩባቸውን ሲቆጥር ወንዱ 40፣ ሴቷ 32 በመቶ ሆነው ተገኙ። ወንዶቹ ሱሪ ለብሰው ነበር ለካ የሚኖሩት። አነበብኩና ገጹን ዘጋሁት።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዋግ ሲደርስ፣ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ፣ እግሬን ለእሱም አስይዤዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ «ያን ጊዜ ነው የጀመረኝ» እል ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ከአበርገሌ ልጆቿን ይዛ በእግሯ ሰቆጣ ለገባች ተፈናቃይ ሴት ነገርኳት። «አይዞህ» አለችኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ጦርነቱን ከሰበብ ዝርዝሬ አውጥቼዋለሁ።

ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ያለው ቆዳ መጥቆር ሲጀምር ያደረግሁትን ብናገር የነርስነት ፈቃዴን የሚነጥቀኝ ይኖር ይሆን? ካልሲው ቀለም ለቆ ነው አልኩ። በሳሙና አሸሁት። አልለቀቀም። ከሥራ ቦታ ጥጥ በአልኮል ነክሬ ፈተግሁት፤ ቆዳው ቀላ፣ ጥቁረቱ ባለበት ቀረ። ከተጠራቀመው ደም ውስጥ ቀይ ሕዋሳቱ እየወጡ፣ ብረታቸው ቆዳ ውስጥ እየቀረ የሚያመጣው ቀለም ነው፤ ከውስጥ የተቀባ ስለሆነ ከውጭ አይታጠብም። ሐኪሞች ይህን በሽታ ደረጃ በደረጃ የሚለኩበት «ሲፕ» የተባለ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቷል፤ ሲ2 ደም ሥሩ ሲወጣ፣ ሲ3 እግር ሲያብጥ፣ ሲ4 ቆዳው ሲለወጥ፣ ሲ5 ቁስል ወጥቶ ሲድን፣ ሲ6 አልድን ሲል። ለራሴ የሰጠሁት ሲ2 ነበር። ከዚያ በላይ መስጠት ለራሴ ማዳላት መስሎኝ ይሆናል።

ማታ ማታ ባቴን ይቆረጥመኝ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ወጌሻ ጋ የሄድኩት።

አዎ፣ ወጌሻ ጋ። ጠዋት በጤና ትምህርት «እባካችሁ ሳትመረመሩ አትታሹ» የምለው ሰው፣ ቅዳሜ ሲመሽ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከከተማው ዳር ወዳለ ቤት። ሰውዬው በመላው አካባቢ የታወቁ ናቸው፤ ጣታቸው አጥንት ያነብባል ይባላል። ጓዳው ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

«ምንህን ነው?»

«ወለም ብሎኝ ነው፣ አባባ።»

ሱሪዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። የስልካቸውን መብራት አበሩና ዝቅ አሉ። ዝምታቸው ረዘመብኝ። በአውራ ጣታቸው ደም ሥሩን ተጫኑት፤ ጠፋ። ለቀቁት፤ ተመለሰ። «ተኛ» አሉኝ። ተኛሁ። እግሬን አንስተው ትከሻቸው ላይ አጋደሙት፤ ደም ሥሩ ሟሸሸ። «ተነስ» አሉኝ። ተነሳሁ፤ ሞላ። ፍሪድሪክ ትሬንደለንበርግ የተባለው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1924 የኖረው፣ በስሙ የሚጠራው ምርመራ የሚጀምረው ልክ እንዲህ ነው፤ በሽተኛውን አስተኝቶ እግሩን በማንሳት ደም ሥሩን ባዶ ማድረግ፣ ከዚያ አስነስቶ አሞላሉን ማየት። እኔ ይህን ምርመራ ለፈተና አጥንቼው አውቃለሁ። በሰው ላይ ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በወጌሻ ቤት ነው፤ ሰውየውም እኔው ነበርኩ።

«ይሄ ወለምታ አይደለም» አሉኝ። «ሥራህ ምንድን ነው?»

«መምህር ነኝ።»

«መምህርም ቆሞ ነው የሚውል፤ እውነት ነው።»

«አዎ፣ ቆመን ነው የምንውለው» አልኩ፤ ለመምህራንም ጭምር እያዘንኩ።

ባለቤታቸው ቡና ይዘው ገቡ። ስኒውን ሊያቀብሉኝ ጎንበስ ሲሉ ጋቢዬ ከፊቴ ላይ ሸሸ።

«ውይ! ዶክተር!» አሉ። «ያን ልጅ መርፌ የወጋልን ዶክተር እኮ ነው!»

«አይ እማማ፣ ነርስ ነኝ» አልኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ወጣኝ።

ሽማግሌው ሚስታቸውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እግሬን አዩ። ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ይዘው ቅቤውን ከደኑት።

«እኔ አጥንት ነው የምጠግነው። ይሄ የደም ነገር ነው። ባሸው ደግሞ ውስጥ የረጋ ነገር ቢኖር ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ሐኪም ቤት ሂድ።»

«እዚያው ነው የምሠራው።»

«እንግዲያማ ቅርብህ ነው።»

ገንዘብ አልቀበልም አሉኝ፤ ለልጁ መርፌ ውለታ ነው ብለው። በሙያዬ ሪፈር የጻፍኩላቸውን ሰዎች ቁጥር አላውቀውም። ሪፈር የተጻፈልኝ ግን ያን ማታ ነው፤ ያውም በቃል። የረጋ ደም ተነስቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ እንደሚችልም እሳቸው ሲጠረጥሩ እኔ አውቀው ነበር። አውቄም ነው «እሹኝ» ብዬ የሄድኩት።

ከዚያ በላሊበላና በጋሸና በኩል ባሕር ዳር ወረድኩ፤ አውቶቡስ ውስጥ እግርን አጥፎ መቀመጥም ለዚህ በሽታ እንደማይበጅ መንገዱን ሙሉ እያሰብኩ፣ አንድ ጊዜም ተነስቼ ሳልንቀሳቀስ። የመረመረኝ ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ዕድሜው ተማሪዎቼን ቢያክል ነው። ባቴ ላይ ቅባቱን ቀብቶ መሣሪያውን አስጠጋ። ባቴን ጨመቅ አድርጎ ሲለቅ መሣሪያው «ሹውውው» አለ፤ ረዘመ። ወደ ላይ ሄዶ መቅረት የነበረበት ደም ተመልሶ ሲወርድ ነው። ቫልቭ ላልቷል እያልኩ በአፌ የተናገርኩትን ያን ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁት።

«ለእንዲህ ዓይነት በሽተኛ እናንተ ጋ ምን ትመክራላችሁ?» አለኝ።

ተኝቼ ሙሉውን ወጣሁት። ክብደት መቀነስ፣ መራመድ፣ ሲያርፉ እግርን ከልብ በላይ ማንሳት፣ ጠበቅ ያለውን የሕክምና ካልሲ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ማጥለቅ። አንድም አላጎደልኩም።

«ጎበዝ» አለኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አልተናገረም፤ ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ቅጹን ሲሞላ «ቤተሰብ ውስጥ ይህ በሽታ ያለበት አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

«የለም» አልኩ።

እናቴ ድሃና ወረዳ ውስጥ፣ ከአምደወርቅ ወዲያ ባለች መንደር ነው የምትኖረው። ከልጅነቴ ጀምሮ ማታ ማታ እግሯን ግድግዳው ላይ ሰቅላ በጀርባዋ ትተኛ ነበር። «ምንሽን ነው እምዬ?» ስላት «ብርድ ነው» ትለኛለች። ከምንጩ እስከ ቤት ያለው ዳገት፣ በጀርባዋ የምታዝለው ውሃ፣ የወለደቻቸውና የቀበረቻቸው ልጆች፤ ሁሉም በባቷ ላይ ተጽፎ ነበር። ኮሌጅ ገብቼ በመጀመሪያው እረፍት ስመለስ ቀሚሷን ትንሽ ከፍ አድርጌ አየሁና ስሙን በፈረንጅ አፍ ነገርኳት። ኮራችብኝ። «መቆም ቀንሺ፣ ከባድ አትሸከሚ፣ እረፊ» አልኳት። «ውሃውን ማን ይቀዳል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ምክሬን ሰጥቻለሁ ብዬ ግን ተመለስኩ። ይህን በሽታ ከእሷ መውረሴን ለራሴ ብነግረው ጀግንነቴ ሊቀርብኝ ነው። ስለዚህ እናቴን ከቅጹ አስወጣኋት። ሐኪሙ ብዕሩን ሳያነሳ ዝም ብሎ አየኝና፣ «እስቲ ደግመህ አስብ፤ እናት፣ አባት?» አለ። «እናቴ» አልኩ ወደ ጣሪያው እያየሁ።

ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገኝ ነገረኝ። ድሮ ደም ሥሩ ይታሰርና ይመዘዝ ነበር፤ ይህ በብዙ ቦታ ዛሬም ይሠራል። አዲሱ መንገድ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ በሙቀት ከውስጥ መዝጋት ነው። ጋይየስ ማሪየስ የተባለ የሮም ጄኔራል ሁለቱም እግሮቹ ላይ ይህ በሽታ ነበረበት፤ ፕሉታርክ እንደጻፈው ሳይታሰር፣ ሳይጮህ፣ ፊቱን እንኳ ሳያጨማድድ አንዱን አስቀደደ። ሐኪሙ ወደ ሁለተኛው ሲዞር ግን መዳኑ ለዚህ ሕመም የሚያበቃ አይደለም ብሎ ከለከለው። ይህን ታሪክ ለሐኪሙ ነገርኩት፤ ማሪየስ የተወውን እኔ ብተወው ምን አለበት ለማለት ነው። «ማሪየስ ማደንዘዣ አልነበረውም» አለና ቀጠሮ ጻፈልኝ። ቀጠሮው ጾም ላይ ወደቀ፤ አዛወርኩት። የተዛወረው ጥምቀት ላይ ወደቀ፤ እሱንም አዛወርኩት። ይህን ስጽፍ ሦስተኛው ቀጠሮ ቀርቧል፤ ምን ላይ እንደሚወድቅ እያየሁ ነው።

ካልሲውን ግን ገዛሁ። ፋርማሲው ውስጥ ሰው እስኪቀንስ የቫይታሚን ጠርሙሶችን ሳነብ ቆየሁ፤ ቆሜ። ከዚያ ለባለሙያዋ ጠጋ ብዬ «የወንድ አለ?» አልኳት። «እግር ነው የሚለካው» አለችኝና ሜትሯን አወጣች። ጥቁር መረጥኩ። ለእናቴም አንድ ገዛሁላት። እሷ ጋ ስሄድ ከማጥለቄ በፊት የእግሯን ጫፍ ዳሰስኩ፤ ወደ እግር የሚወርደው ደም የደከመ ሰው እንዲህ ያለ ጥብቅ ካልሲ ማድረግ የለበትም፤ ሊጎዳው ይችላል። ትርታው ደህና ነበር። በዚያች ሰዓት ጥሩ ነርስ ነበርኩ፤ ከሌሎቹ ሰዓቶች መካከል ስለማትበዛ ብጠቅሳት አይፈረድብኝም። እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሬ ቀስ እያልኩ አለበስኳት። «ያዘኝ» አለች፤ ደስ ብሏታል።

እሷ ከዚያ ቀን ጀምራ አላቋረጠችም። ለጎረቤቶቿ ቀሚሷን ገልጣ ታሳያለች አሉ። የእኔው መሳቢያ ውስጥ ነው። ጠዋት ለማጥለቅ ብርታት ይጠይቃል፤ ተረከዙ ላይ ይይዛል፤ ላብ ያመጣል፤ ደግሞ ሱሪዬ ከፍ ባለ ቁጥር የላብራቶሪው ልጅ አንገቱን ይቀልሳል። ሰበብ እንዳለኝ ታያላችሁ፤ ሁሌም አለኝ።

ችግሩ እናቴ አሁን ስልክ አላት። ጎህ ሲቀድ ትደውላለች።

«ካልሲህን አደረግህ?»

«አድርጌያለሁ እምዬ።»

«ከአልጋ ሳትወርድ?»

«ሳልወርድ።»

ግቢው መሐል በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ። የአከራዬ አውራ ዶሮ አጥሩ ላይ ወጥቶ ይጮኻል።

«እንግዲያስ ይሄ ዶሮ» አለች እናቴ፣ «አልጋህ ላይ ነው የሚያድረው?»